በካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ማገልገል ለሚፈልግ፦ ከመዘምራን ሌላም ሥራ አለ

«አባ፣ ማገልገል እፈልጋለሁ፣ ምን ልሥራ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ አንዱ የሠርግ ቀን ሊያስይዝ፣ ሌላው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሊጠይቅ፣ ሌላዋ መስቀል ልትሳለም አባን በር ላይ ከብበዋቸው እያለ ከጠየቃችሁ መልሱ የታወቀ ነው። «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ፣ መዘምራኑን አናግር።» ሰውየው ወይ ድምፅ የለውም፣ ወይ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። በዚያው ይጠፋል።

ይሄን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበርን። ትንሽ ነን። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የእርዳታ ሥራው ግን ከቁጥራችን በላይ ነው። ስለዚህ በየቁምስናው ሥራ ሞልቷል፣ የሚታየው ሥራ ላይ ግን ሁሉም ይጋፋል፣ የማይታየው ላይ ሁለት እናቶችና አንድ ጋሼ ብቻቸውን ይለፋሉ። የኔ ምክር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው የጎደለበት ሂዱ፣ አንድ ሥራ ያዙ፣ እሱን አትልቀቁ።

መጀመሪያ ክፍተቱን ፈልጉ

ለጥቂት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጡ። ቁሙና እዩ። አግዳሚ ወንበሩን ማን ይመልሳል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን ያስነሳል? የመሠዊያውን ልብስ ማን አጥቦ ይተኩሳል? ከሆሳዕና ወይም ከእምድብር ሰሞኑን የመጣች፣ ማንንም የማታውቅ ልጅ ጥግ ላይ ስትቆም ማን ያናግራታል? መልሱ በተደጋጋሚ «ጋሽ እከሌ» ከሆነ ክፍተቱን አገኛችሁት። ጋሽ እከሌ ደክመዋል፣ የሚተካቸው የለም፣ «ላግዝዎት» ያላቸውም የለም።

እሳቸውን በቀጥታ አናግሩ። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ያሳዩኝ» በሉ። ለአባ ከመንገር በፊት እሳቸው ጋ መሄዱ ክብርም ነው። ዘሎ አባ ጋ ሄዶ «እኔ ልያዘው» ማለት ሽማግሌውን ገፍቶ ቦታ መያዝ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ አይነግሯችሁም።

ከዚያ ለቆሞሱ (ቁምስናውን ለሚመሩት ካህን) ቀጠሮ ያዙ። በሥራ ቀን፣ ቢሮ ውስጥ። ሦስት ነገር ይዛችሁ ግቡ፦ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩ። «የምችለውን ሁሉ» አትበሉ። «ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት አለኝ፣ እስከ ፋሲካ» የሚል ሰው ለካህን ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም በሱ ላይ ተማምኖ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል።

ስለ ቁምስና ምክር ቤት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጠብ የሚመጣው እዚያ ስለሆነ። በላቲኑ ሥርዓት የ1983ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ (እ.ኤ.አ.) ሐዋርያዊ ምክር ቤቱን፣ ማለትም የቁምስናውን ምክር ቤት፣ አማካሪ ብቻ ያደርገዋል፣ የገንዘብ ምክር ቤት ግን እያንዳንዱ ቁምስና የግድ ሊኖረው ይገባል። የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የ1990 (እ.ኤ.አ.) ሕግ አላቸው፣ ዝርዝሩንም ለየቤተ ክርስቲያኑ ይተወዋል። ከሀገረ ስብከቶቻችን አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳር ደሴ ከምሥራቆቹ አንዱ የሆነው የግዕዝ ሥርዓት ናቸው፤ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ መቂ፣ ሐረርና ሌሎቹ ላቲን። በሁለቱም ቤት ግን ምክር ቤቱ ይመክራል፣ ውሳኔው የቆሞሱ ነው። ይሄን ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች «ድምፅ ሰጥተን ወስነን አባ ሻሩት» ብለው አኩርፈው ይወጣሉ። ምክር ቤት ከገባችሁ ሥራችሁ እውነቱን በግልጽና በትሕትና መናገር ነው፣ ማሸነፍ አይደለም።

ቅዳሴ ላይ የሚሠራ ሥራ

መዘምራን ለመግባት ድምፅ ብቻ አይበቃም። ልምምድ ላይ በሰዓቱ መገኘት ከድምፅ ይበልጣል። ከበሮ የሚችል ሁሌም ይፈለጋል። ስለ ዩኒፎርም ቀለምና ስለ ማን መሪ ድምፅ እንደሚይዝ የሚነሳ ክርክር ካለ አትግቡበት፣ ከናንተ በፊት ነበረ፣ ከናንተ በኋላም ይኖራል።

ንባብ ግን ብዙ ሰው የሚንቀው፣ ጥሩ አንባቢ ሲገኝ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልበት አገልግሎት ነው። የግዕዝ ቅዳሴ ላይ ከወንጌሉ በፊት ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፣ ምስባክ ይዜማል። ዲያቆናት የሚያነቡትና ለምእመን የሚሰጠው እንደየቁምስናው ይለያያል፣ ስለዚህ ጠይቁ። ዕድሉን ካገኛችሁ ዓርብ ላይ ንባቡን ተቀበሉ። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በዓይን ማንበብ ልምምድ አይደለም። የጳውሎስ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፣ የት እንደምትተነፍሱ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ማይኩን በጣት አትምቱት፣ «ሄሎ ሄሎ» አትበሉ፣ አንድ ስንዝር ራቁት። ያነበባችሁትን አታብራሩ፣ ስብከቱ የአባ ነው።

በላቲን ቁምስና ሴት አንባቢ አዲስ ነገር አይደለችም፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በይፋ የሚሾም አንባቢነትን ለሴቶች ከፍተዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ የካቴኪስትን (ሃይማኖት የሚያስተምር ምእመን) አገልግሎት በራሱ የቆመ ሹመት አደረጉት። የገጠር ቁምስና የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም። አባ በወር አንዴ በሚደርሱበት ጸሎት ቤት እሑድን እሑድ ያደረገው ካቴኪስቱ ነው።

ልጆችን ማስተማር

ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል። ይሄን ካሰባችሁ መጀመሪያ ለሁለት ወር ያህል ከነባሩ መምህር ጋር ረዳት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሕፃናት ከቅዳሴ በኋላ ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል። አርባ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ታሪክ፣ አንድ መዝሙር፣ አንድ ጸሎት በቃል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ዐሥርቱን ትእዛዛት በአንድ እሑድ ለማስጨረስ የሚሞክር መምህር በሚቀጥለው እሑድ ግማሹን ክፍል አያገኘውም።

ቀጥሎ ያለው ለድርድር አይቀርብም። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ፣ ሁለት ሁኑ፣ በሩ ይከፈት። ለልጅ በግል በቴሌግራም አትጻፉ፣ የምትነግሩት ነገር ካለ ለወላጁ ንገሩ። ጉዞ ካለ የወላጅ ፊርማ ይኑር። ልጅ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ከነገራችሁ በጥያቄ አታፋጥጡት፣ ያለውን በራሱ ቃል ጻፉና በዚያው ቀን ለሚመለከተው አሳውቁ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ደንብ ሀገረ ስብከቶች ጥቆማ የሚቀበሉበት ለሁሉም ክፍት የሆነ መንገድ እንዲዘረጉ ያዛል። የናንተ ሀገረ ስብከት ጋ ማን እንደሚቀበል ማስተማር ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ብሎ ዝም ማለት ልጁንም ቤተ ክርስቲያኗንም መጉዳት ነው።

ቤት ለቤት መሄድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም አገልግሎት ሰው የሚያስፈልግበት ይሄ ነው፣ ከሁሉም ደግሞ በግብር ይውጣ የሚሠራው ይሄው ነው።

የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተጀመረው በ1833 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፍሬደሪክ ኦዛናም ያኔ የሃያ ዓመት ተማሪ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ድሆችን መጠየቅ ሲፈልጉ ዝም ብለው የሰው በር አላንኳኩም። ሰፈሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሲስተር ሮዛሊ ሬንዱ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ፣ ወጣቶቹን እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የቁምስናው ሲስተሮች፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ እነዚህ ማን ቤት ምን እንደጎደለ ያውቃሉ።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ቀድማችሁ አሳውቁ። አንዲት እናት ጋ ገባችሁ እንበል፣ አንድ ክፍል ቤት፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕልና የልጅ የምርቃት ፎቶ። «ምንም አልጎደለኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል። ሁሌም ይሄን ነው የሚሉት። ቡና ካፈሉ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ፣ «አይቸገሩ» ብሎ መነሳት ስድብ ነው፣ ቤታቸው ገብታችሁ እሳቸው አስተናጋጅ መሆን ይፈልጋሉ። ዓይናችሁ ግን ይሥራ። ጠረጴዛው ላይ የደም ግፊት ክኒን ማሸጊያ አለ፣ ባዶ ነው። ያኔ «መድኃኒት አልቆብዎታል ወይ?» አትበሉ። «እናቴም ይሄንኑ ነው የምትወስደው፣ ከየት ነው የሚገዙት?» ብላችሁ ጀምሩ። ወሬው ራሱ ይወስዳችኋል። «ያ ፋርማሲ ጠፋ አለኝ፣ ወር ሆነው» ይላሉ። አሁን ሥራ አገኛችሁ።

ስትወጡ በር ላይ ቆማችሁ አታውሩ። ራቅ ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ምን እንዳስፈለገ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያደርስ። ስለ ልጃቸው ባሕርይ፣ ከጎረቤት ጋር ስላላቸው ጠብ የነገሯችሁ ነገር ደብተር ላይ አይገባም፣ ማኅበር ላይም አይነሳም። ቃል የገባችሁትን አድርሱ። ማድረስ የማትችሉትን ቃል አትግቡ፣ «እናያለን» ማለት ለኛ ትሕትና ነው፣ ለሚጠብቅ ሰው ግን ተስፋ ነው።

ፎቶ አታንሱ። ዘይትና ዱቄት ተቀብለው ሲስሙ የሚያሳይ ፎቶ ማንም ሰው ፌስቡክ ላይ ማየት የለበትም። ለጋሽ ሪፖርት ከፈለገ ደረሰኝና ዝርዝር ይላክለት። ከኪሳችሁም በግል ብር አትስጡ፣ በማኅበሩ በኩል ይሁን፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት የምትሄደው ጓደኛችሁ «ያኛዋ ሰጥታኝ ነበር» ትባላለች። የታመመ ሰው መቁረብ ወይም ምስጢረ ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት) ከፈለገ ለአባ በዚያው ቀን ደውሉ፣ እሑድን አትጠብቁ።

ሥራ መከፋፈል ከሌጅዮ ማርያ ተማሩ

የማርያም ሠራዊት፣ ሌጅዮ ማርያ የሚባለው ማኅበር፣ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ደብሊን ውስጥ የተጀመረ ነው። ብዙ ወጣት «የእናቶች ማኅበር ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን አሠራሩን ሁሉም ቡድን ቢቀዳው ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ። መቁጠሪያ ይደገማል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ከዚያ እያንዳንዱ የተሰጠውን ሥራ ምን እንዳደረሰ ይናገራል፣ ለቀጣዩ ሳምንት ሥራ ይቀበላል። ሥራው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ደንባቸው ቁሳዊ እርዳታ መስጠትን አይፈቅድም፣ ያ የሌሎች ነው፣ የነሱ ድርሻ ሰውን መጠየቅና ማጽናናት ነው። የገንዘብ መዋጮም በምስጢር ከረጢት ነው፣ ሁሉም እጁን ያስገባል፣ ማን ስንት እንዳስገባ ማንም አያውቅም።

ማስተዋል ያለባችሁ፣ «እስቲ እናስብበት» ተብሎ የሚነሱበት ስብሰባ እዚያ የለም። የወጣት ማኅበሮቻችን የሚሞቱት በዚህ ነው። ለሁለት ሰዓት ተወራ፣ ሳቅ ነበር፣ ሻይ ተጠጣ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ሳይነገር ተበተኑ።

አዲስ ቡድን መክፈት ካማራችሁ

መጀመሪያ ያሉትን ቁጠሩ። አንድ ቁምስና ውስጥ አራት ማኅበር ኖሮ ሦስቱ ላይ የሚታዩት እነዚያው ዐሥር ሰዎች ከሆኑ አምስተኛ አትክፈቱ። ያለው ውስጥ ግቡ።

ሰፈራችሁ ከቤተ ክርስቲያን ሩቅ ከሆነ ግን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሁለት ታክሲ ይዘው ለቅዳሴ የሚመጡ ስንት ቤተሰቦች አሉ፣ በቤት የሚሰበሰብ ትንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰብ ጀምሩ። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የገፉበት መንገድ ነው። ለቆሞሱ ንገሩና በረከት ተቀበሉ። ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ይበቃል፣ ሐሙስ ማታ፣ በየተራ ቤት።

ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ሉምኮ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ተቋም ያዘጋጀው ሰባት ደረጃ ያለው የወንጌል ንባብ አለ። አንድ ሰው ጌታን በአጭር ጸሎት ይጋብዛል። የቀጣዩ እሑድ ወንጌል ይነበባል። ከዚያ ማንም ሰው ከንባቡ የነካውን አንድ ቃል ወይም ሐረግ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይላል፣ በመሃሉ ዝምታ። ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይባላል። ልባችሁን የነካውን ትናገራላችሁ፣ ስብከትና ክርክር የለም፣ «እኔን» እያላችሁ ነው የምትናገሩት። ስድስተኛው ይህ ሳምንት ምን ሥራ እንሥራ የሚለው ነው፣ ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው፣ አትዝለሉት። በጸሎት ይዘጋል። አንድ ሰዓት። ምግብ ካለ ቆሎ ወይም ዳቦ ይሁን፣ አንዷ ዶሮ ከሠራች የሚቀጥለዋ ባለተራ ትጨነቃለች፣ የሌላት ደግሞ መምጣቷን ታቆማለች። በጽዋ ማኅበር ያየነው ነው።

ገንዘብ ከተሰበሰበ በአንድ ሰው ቴሌብር ላይ አይቀመጥ። ሰውየው ታማኝ ስላልሆነ አይደለም፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ይታመማል፣ ወሬ ይነሳል። በቁምስናው ሒሳብ በኩል ይሂድ፣ ካልሆነ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ደብተር ይኑር። ገቢና ወጪ በየወሩ ለሁሉም ይነበብ። ትንሽ ብር ነው ብላችሁ አትተዉት፣ በየቁምስናው ሰው የተቀያየመው በትንሽ ብር ነው።

የቴሌግራም ግሩፑም ደንብ ይፈልጋል። ፖለቲካ የለም፣ የሌላ ሃይማኖት ስድብ የለም፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት የሚላክ «ለዐሥር ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል ጸሎት የለም። ማስታወቂያ ብቻ የሚለጠፍበት አንድ፣ ወሬ የሚወራበት ሌላ ብታደርጉት ሰላም ታገኛላችሁ። ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ደግሞ አለ፦ የከተማ ቁምስና ውስጥ የወላይታ፣ የሀዲያ፣ የከምባታ፣ የጉራጌ፣ የኢሮብ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። መዝሙሩን አንዳንዴ በነሱም አድርጉት፣ ኃላፊነቱም በአንድ አገር ልጆች እጅ እንዳይሰበሰብ ተጠንቀቁ።

ውጭ አገር ያላችሁ

ዋሽንግተን ዲሲ እንዳለችው የግዕዝ ሥርዓት ኪዳነ ምሕረት ያለ የራሳችሁ ቤት ካላችሁ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። ከሌላችሁ አካባቢያችሁ ያለው የላቲን ቁምስና ግቡና ተመዝገቡ፣ እነሱ ጋ ያልተመዘገበ ሰው እንግዳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ጋ ለመሥራት የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያና ሥልጠና ይጠየቃል፣ ጳጳሳቱ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ደንብ ነው። «አላመኑኝም» ብላችሁ አትቀየሙ፣ ነጩም ጥቁሩም ይጠየቃል። እዚያ የተወለዱ ልጆችን ደግሞ አማርኛ ካልገባቸው በሚገባቸው አስተምሯቸው። አማርኛውን ለብቻው ቅዳሜ አስተምሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስትጭኑባቸው ሁለቱንም ይጠላሉ።

ስትለቁ

አንድ ቀን ትለቃላችሁ። ትወልዳላችሁ፣ ሥራ ይቀየራል፣ ወይ ይደክማችኋል፣ ሁሉም በቂ ምክንያት ነው። ባል ወይም ሚስት «እሑድ እንኳ አናይህም» ማለት ከጀመሩ ቆይቷል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ከሁለት ወር በፊት ንገሩ፣ የሚተካችሁን ሰው እናንተው ፈልጉ፣ ጥቂት ሳምንት አብራችሁ ሥሩ። ከዚያ ደብተሩን፣ ቁልፉን፣ የስልክ ዝርዝሩን፣ ማኅተም ካለም ማኅተሙን በቆሞሱ ፊት አስረክቡና ፈርሙ። የምትጠይቋቸው ሰዎች ካሉ አዲሱን ሰው ይዛችሁ ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ አስተዋውቁ። ቴሌግራሙ ላይም አድሚንነቱን ለተተካው ስጡና ራሳችሁን አውርዱ፣ ከሄዱ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ናቸው እስካሁን የኛን ግሩፕ የሚዘጉትና የሚከፍቱት።